ጥቆማ፦ 4ኤ-ጂኢ ለገባበት ዲኤክስ አዳማ ላይ ኮምፒውተር ገጥሞ የሚያስተካክል ማን አለ?

ዲኤክስ_አዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኬኢ70 ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) ላይ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ተቀምጧል። ባለ ዲስትሪቢተር (እሳት አከፋፋይ) ነው፤ የራሱ ኮምፒውተርም ሽቦም አብሮት አልመጣም። ከሚሸጡት የሞተር ኮምፒውተሮች የትኛውን ልግዛ፦ ስፒዱዊኖ፣ ማይክሮስኩዊርት ወይስ ብር ጨምሬ ሊንክ? ከዚያ በላይ ግን አዳማ ውስጥ ሽቦውን ከዜሮ ዘርግቶ፣ ላፕቶፕ ከፍቶ ማፑን (የቤንዚንና የእሳት ሠንጠረዡን) የሚሠራ ሰው ጠቁሙኝ። አዲስ አበባ ውሰደው አትበሉኝ።

የፍራንኮ_ልጅ፦
ፖስታ ቤት ጀርባ ያሉት ጋሼ ጋ ውሰደው፣ አለቀ። ናዝሬት ውስጥ እሳቸው ያልነኩት መኪና የለም።

ማሳ_ፈላጊ፦
ጋሼ ሞተሪኖና ዲናሞ ላይ ወደር የላቸውም፣ እመሰክራለሁ። ስታንድአሎን (ከፋብሪካው ውጭ ለብቻው የሚገዛ) ኮምፒውተር ገጥመው ያውቃሉ ወይ ነው ጥያቄው።

የፍራንኮ_ልጅ፦
ሽቦ ሽቦ ነው ወንድሜ።

ማሳ_ፈላጊ፦
አይደለም እንጂ! ከዲስትሪቢተሩ የሚመጣው ምልክት ሞተሪኖ ሲያዞር በጣም ደካማ ነው። ባለ ሁለት ገመድ ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል መሸፈኛ ያለው) ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ሺልዱም በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ማሳ (ኔጌቲቭ) ይታሰራል። በሁለቱም ጫፍ ካሰርከው ሺልዱ ራሱ ኩረንቲ ይሸከምና ረብሻ ያስገባብሃል። ከቦቢና ሽቦ ጋር አንድ ላይ በናስትሮ ከጠቀለልከውማ ሞተሩ 4,000 ዙር ላይ ሲንክ ይጥላል (ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት እንደደረሰ ይጠፋበታል)፣ አንተ ደግሞ ካንዴላ ስትቀይር ትከርማለህ።

ቤንዚን_ሸተተኝ፦
ስሙን አልጠራም እንጂ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ቤት እንዲህ አድርጎ ነው ያስረከበኝ፦ የሴንሰሮቹ፣ የኢንጄክተሮቹና የፋኑ ማሳ በሙሉ አንድ ቡሎን ላይ፣ ያውም ቀለሙ ያልተፋቀ ላሜራ ላይ። ፋን በተነሳ ቁጥር የውሃ ሙቀቱ ንባብ ይዘላል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል። ኢንጄክተሮቹ 2.4 ኦም ሆነው ሳለ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ታስረው የኮምፒውተሩ ካርድ ትራንዚስተር ተቃጠለ። ስጠይቅ «ካርዱ ፎርጂድ ነው» ተባልኩ።

ጎሚስታው፦
የትኛው ቤት ነው? ቀይ በር ያለው?

ቤንዚን_ሸተተኝ፦
አልናገርም ብያለሁ።

ኬላ_በር፦
ቀይ በር ያለው ነው፣ ገብቶኛል።

የፍራንኮ_ልጅ፦
አቦ ቀይ በር ያለው የአጎቴ ልጅ ነው! እሱ ኮምፒውተር አይገጥምም፣ ጎማ ነው የሚሸጠው።

ሰባት_ሺህ_ዙር፦
ማሳ ያለቦታው የታሰረበት ቤት ፍለጋ ከሆነ ከአዳማ እስከ ሞጆ ያለውን ሁሉ ጻፉት፣ ይቀላል።

ሳሚ_ቪትዝ፦
ይቅርታ በመሃል፣ የኔ ቪትዝ ቼክ ኢንጂን አብርቷል። ኮድ የሚያነብ የት አለ?

ሰባት_ሺህ_ዙር፦
የትም አለ። ችግሩ የሚያጠፋልህ እንጂ የሚጠግንልህ አለመኖሩ ነው።

ሐዋሳ_ላምዳ፦
ጠያቂው ተረሳ መሰል። ስለ ካርዱ፦ ስፒዱዊኖ ርካሽ ነው፣ ግን ዲስትሪቢተርህ ላይ ያለውን የማግኔት ሴንሰር በቀጥታ አያነብም፤ ምልክቱን የሚያስተካክልለት ቪአር ኮንዲሽነር የሚባል ትንሽ ካርድ ይሰካበታል። ቦቢናም በራሱ አይነዳም፣ የ4ኤ-ጂኢውን ኢግናይተር (ቦቢናውን የሚነዳውን ዕቃ) ፈልገህ አስገባ። ማይክሮስኩዊርት ኮንዲሽነሩ ውስጡ አለ፤ ሁለት የኢንጄክተር መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ኢንጄክተሮችህን ሁለት ሁለት አጣምሮ ይነዳቸዋል፣ ባለ ዲስትሪቢተር ሞተር ደግሞ አንድ የእሳት መስመር ይበቃዋል። ስለዚህ ለአንተ ሞተር ልክ ነው። የሊንክ ጥቅሙ የትሪገሩን (የዲስትሪቢተሩን ሴንሰር) ምልክት ላፕቶፑ ላይ በሥዕል ማሳየቱ ነው፤ ለ1,587 ሲሲ ያለ ተርቦ ግን ያን ያህል ብር አላወጣም ነበር።

ካርዱን ከመግዛትህ በፊት ኢንጄክተሮቹን በቴስተር ለካ። ከ12 እስከ 16 ኦም ካሳየ በቀጥታ ይታሰራል። 2 ወይም 3 ካሳየ ለእያንዳንዱ ኢንጄክተር አንዳንድ 6.8 ኦም፣ 25 ዋት ሬዚስተር በተከታታይ አስገባ፤ ስለሚግል ብረት ላይ እንጂ ፕላስቲክ አጠገብ አይታሰርም። የሴንሰሮች ማሳ ወደ ኮምፒውተሩ የሴንሰር ማሳ ፒን ብቻ ይመለስ። የኮምፒውተሩ የኃይል ማሳ ራሱ ሞተሩ ላይ፣ ቴስታታው ላይ ይታሰር። ሽቦ፦ ለሴንሰር 0.5፣ ለኢንጄክተር 0.75 ወይም 1፣ ለቤንዚን ፖምፓ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ። መጋጠሚያው ይቆንጠጥ፤ ስታኞ (ብየዳው) ያለቀበት ጫፍ ላይ ሽቦው ይደርቅና በንዝረት ይሰበራል።

የፍራንኮ_ልጅ፦
ጋሼ ሁልጊዜ በስታኞ ነው የሚሠሩት። ተሰብሮ አያውቅም።

ማሳ_ፈላጊ፦
ሬዲዮ ላይ አይሰበርማ።

ኬላ_በር፦
ለምንድነው ይሄ ሁሉ ጣጣ? ሁለት ዌበር ካርቡራተር ጫንበትና ገላገለው። ላፕቶፕ የለ፣ ሴንሰር የለ።

ሐዋሳ_ላምዳ፦
ካርቡራተርም ጥሩ ነው፣ ጂግለሩን (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳውን) ለአዳማ ከፍታ መርጦ የሚቆርጥ ሰው ካለህ። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም።

አንድ ሰው ያላነሳው ነገር ቤንዚኑ ነው። ዲኤክስ ሲሠራ ለካርቡራተር ነው፤ የድሮው ፖምፓ ሩብ ባር አካባቢ ይገፋል፣ ኢንጄክተር 2.5 እስከ 3 ባር ይፈልጋል። ሰርባቶዮው ውስጥ ደግሞ ማገጃ ስለሌለ ግማሽ ሲደርስ ጥምዝ ላይ ቤንዚኑ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ፒስቶን የሚቀልጠውም እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 2 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ታንክ ኮፈን ውስጥ አስቀምጥ፣ በዝቅተኛ ፖምፓ ሙላት፣ ዋናውን ፖምፓ ከእሷ አስብ፣ መመለሻውንም ወደ እሷ።

ማሳ_ፈላጊ፦
እዚህ ላይ ልጨምር። ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ የማፕ ሴንሰሩን (የአየር ግፊት የሚለካውን፣ ከሠንጠረዡ ማፕ ሌላ ነው) እይ። አዳማ ላይ 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት፣ አዲስ አበባ 77 አካባቢ። 100 ካሳየ የሴንሰሩ ካሊብሬሽን ተሳስቷል፣ ከዚያ በላይ የምትሠራው ሁሉ ውሸት ነው። ከባሕር ጠረፍ አገር የወረደ ማፕ ብትጭንም የላይኛውን፣ የ100 ኪሎፓስካሉን ረድፍ አዳማ ላይ ጨርሶ አትነካውም፤ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ 80ዎቹ ላይ ነህ፣ ማስተካከል ያለብህም እዚያ ነው። አዋሽ ስትወርድ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ከላይ ያለውን ረድፍ ባዶ አትተው።

ፋዛውን (እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ 10 ዲግሪ ላይ ቆልፈህ በታይሚንግ መብራት ፑሌጃው ላይ እይ። 1,000 ዙር ላይ 10፣ 4,000 ላይም 10። ዙር ሲጨምር ምልክቱ ከሸሸ የሴንሰሩ ሁለት ሽቦ ተገላብጧል። የዲስትሪቢተሩ 24 ጥርስ በክራንክ ሲታይ በየ30 ዲግሪው ነው፣ ትንሽ መዋዠቅ ይኖራል። ካስጠላህ ፑሌጃው ላይ 36 ሲቀነስ 1 (ከ36 ጥርስ አንዱ የጎደለው) የብረት ዲስክ አስቀርጽ፣ ክፍተቱን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርገው። ጥሩ ቶርኖ ቤት አዳማ ሞልቷል።

ዲኤክስ_አዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሺ ሰውስ? ማፑን ማን ይሥራ?

ሰባት_ሺህ_ዙር፦
ፍጥነት መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ እያስጮኸ የሚሠራ አውቃለሁ። ገደቡ 120 ነው፣ ቅጣቱ ካንተ።

ሐዋሳ_ላምዳ፦
ሁለት ሥራ አድርገህ ክፈለው። ሽቦውን ንጹሕ እጅ ያለው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋው፣ ጋሼም ቢሆኑ፣ ስዕሉን ሰጥተህ አጠገባቸው ቁም። ማፑን ከሩቅ በኢንተርኔት የሚሠሩ አሉ፤ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ላምዳ (ከጭሱ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ የሚያነብ ሴንሰር) ካለህ ይበቃል። ሴንሰሩ ውሃ እንዳያቁር ከአግድም ትንሽ ወደ ላይ ይዘንብል፤ ሞተሩ እየሠራ መብራት ሳይደርሰው አይቆይ፣ ይሞታል። ሙሉ ጋዝ ላይ ላምዳ 0.86 እስከ 0.88 አካባቢ ያዝ። ማርሚታው ከሴንሰሩ በፊት የሚተነፍስ ከሆነ ንባቡ ያታልልሃል።

የምትመርጠውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክት በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) አለህ? የፒን ስዕሉን ታስረክበኛለህ? የማፑን ፋይል ያለ ፓስዎርድ ትሰጠኛለህ? ሦስተኛው ላይ «እናያለን» ካለህ ተመለስ።

የፍራንኮ_ልጅ፦
ጋሼ ፓስዎርድ የላቸውም።

ሰባት_ሺህ_ዙር፦
ላፕቶፕም የላቸውም።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ለካሁት፣ አራቱም 2.3 እና 2.4 ኦም ናቸው። ባለ 25 ዋቱ ሬዚስተር አዳማ ይገኛል ወይስ ከሶማሌ ተራ ላስመጣ?

ሳሚ_ቪትዝ፦
ቼክ ኢንጂኑ ጠፋ በራሱ። ምን ማለት ነው?

ኬላ_በር፦
ዲኤክስ፣ የድሮውን ካርቡራተር የምትሸጠው ከሆነ ንገረኝ።