የጥምቀት ፎቶ፦ ነጠላው ሲነጣ፣ ፊት ሲጨልም

የኮተቤዋ፦
ሰላም ለክለባችን አባላት። ለከተራና ለጥምቀት ከኮተቤ እስከ ለገጣፎ ታቦታቱን ተከትለን እናነሳለን። የሚመረጡት 20 ፎቶዎች በ30 በ45 ሴንቲሜትር ታትመው ስለሚሰቀሉ ከአሁኑ አንድ ነገር እንፍታ። በየዓመቱ የሚደጋገመው ስህተት ያው ነው፤ ወይ ነጠላው ነጥቶ ጥለቱ ይጠፋል፣ ወይ ነጠላው ሲተርፍ ጃንጥላ ሥር ያሉት ካህናት ፊት ይጨልማል። ፍላሽ ይሻላል ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጥላና_ብርሃን፦
ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚለካው። ፎቶው በነጠላ ሲሞላ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊት ይጠፋል። ከኋላ የባሕር ዛፍ ጥላ ሲኖር ደግሞ ጨምሮ ነጠላውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በማኑዋል፣ ማለትም ብርሃኑን ራስሽ እየወሰንሽ ሥሪ። በስፖት ሜተሪንግ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው) ፀሐይ ያረፈበትን ነጠላ ለኪ፣ ከዚያ 2 ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ጨምረሽ እዚያው ተዪው። ሰማዩ ጥርት ካለ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 5.6፣ የሹተር ፍጥነት 1/800 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሺ፤ የጨለመ ፊት 2 ስቶፕ ያህል ይነሳል፣ የተቃጠለ ነጠላ ግን አይመለስም። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስቱም ቀለም፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ እዪው፣ የጥለቱ ቀይ ቀድሞ ሊሞላ ይችላል። የጸናጽሉና የጃንጥላው ዘርፍ ብልጭታ ቢቃጠል ግድ የለም።

ለገጣፎ_50ሚሜ፦
ፍላሹን ተዪው። ብዙ ካሜራ ላይ ፍላሽ ከ1/200 ሰከንድ በላይ ስለማይሄድ በዚያ ፀሐይ ኤፍ 11 ላይ ትገቢያለሽ። የካሜራው ትንሿ ፍላሽ ደግሞ እዚያ ላይ 1 ሜትር ቢደርስ ነው። የካህናቱንም ዐይን ይረብሻል።

ዋናው የምትቆሚበት ቦታ ነው። በጥር ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 60 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ስለምትቆም ጃንጥላው ፊትን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ከጃንጥላው ሥር ትገባለች፤ ሰልፉ ወደ ምዕራብ ሲዞር ከፊቱ ተገኚ። ከዚያ በፊት ከሆነ ነጭ የለበሱ ዘማርያን ከካህናቱ ፊት ፀሐይ ላይ የሚሆኑበትን ጊዜ ጠብቂ፤ ነጠላቸው ብርሃኑን ወደ ጃንጥላው ሥር ይመልሰዋል። ከቀዩ ምንጣፍ ተጠንቀቂ! አገጭና ቀሚስ ላይ ቅላት ይጥላል። በዋይት ባላንስ (የፎቶውን ቀለም በሙሉ በሚያስተካክለው) ልታርሚው ብትሞክሪ የቀረው ሁሉ ይበላሻል፤ ፊቱን ብቻ መርጠሽ ቀዩን ቀንሺ። ምንጣፉን ደግሞ ማናችንም አንረግጥም፤ ለታቦት የተነጠፈ ነው። ወጣቶቹ እያነሱ ወደፊት ሲያነጥፉ በዳሩ ነው መሄድ።

የኮተቤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በስልክ ለሚያነሱትስ? 12 ሜጋፒክሰል ለዚያ መጠን ይበቃል? ጠበል ሲረጭስ?

የህትመት_ሰው፦
ይበቃል። 4000 በ3000 የሆነው ፎቶ ለ30 በ45 ሲቆረጥ 4000 በ2667 ይሆናል፤ በኢንች 225 ነጥብ ገደማ ማለት ነው፣ ከ1 ሜትር ለሚያይ ሰው አይጎድለውም። ዙም ከተደረገ ግን አይሆንም፣ ይጠጉ። ነጠላው ላይ ጣት ተጭኖ መያዝ፣ ሲቆለፍ ነጠላው አመድ ከመሰለ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ፣ ከተቃጠለ ወደ ታች መሳብ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል።

ጠበሉ በቱቦ ሲረጭ ፀሐይ ከውኃው ጀርባ ትሁን፤ ሹተር 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ። ካሜራውን በፌስታል ሸፍናችሁ ሌንሱ ዙሪያ በላስቲክ እሰሩት። ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይሩ፤ የጥር አቧራ ሴንሰር ላይ ያርፍና ሰማዩን ነጠብጣብ ያደርገዋል።

ለህትመት ጄፔግ በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም ክልል) አምጡ። ነጩ ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን መለኪያ 255 ከደረሰ ማተሚያው ቀለም ስለማይጥል ነጠላው ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ 245 ላይ አቁሙት። የስክሪናችሁን ብርሃን ቀንሳችሁ አርሙ፣ አለዚያ ህትመቱ ጨለመ ትላላችሁ። ከ20ዎቹ በፊት 3ቱን በ10 በ15 አሳትመን በሚሰቀሉበት አዳራሽ ብርሃን እንያቸው።