ክርክር፦ በበዓል ቀን ሰሊጥ ይታጨድ ወይስ ይደር?

አወያይ፦ ከጎንደር ዙሪያ ወደ መተማ ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ «በበዓል ማጭድ አላነሳም» ይላል። ባለ እርሻው «ሰሊጤ ረገፈ» ይላል። ማን ልክ ነው? ስድብ የለም።

የእርሻ ባለሙያ፦ መጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ሰኔ 20 የተዘራ ሰሊጥ 90 ቀን የሚሞላው መስከረም 15 ነው። በማግስቱ ደመራ፣ 17 መስቀል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ግሸን ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ጥቅምት ሲገባ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል። ቅዳሜና እሑድ ሲታከሉ፣ የሚደራረበው ተቀንሶ እንኳ፣ ከ30 ቀን ግማሽ ያህሉ ማጭድ አይነሳበትም። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። የሚያብበው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ የላዩ ገና እርጥብ ሳለ ፍሬውን የያዘው የታችኛው ቅርፊት ደርቆ ይከፈታል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ካልታጨደ ንፋስ ይበትነዋል።

የአብነት መምህር፦ በዓል ሁሉ እኩል አይደለም። ዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት ሌላ፣ የወር መታሰቢያ ሌላ። ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተወስኗል። ከወሩ መታሰቢያዎች 12፣ 21 እና 29 ጠበቅ ብለው ይከበራሉ። በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል ተብለናል። ሰሊጥ ሁሉ ግን ጉድጓድ የገባ በሬ አይደለም።

የጎንደር አራዳ ነጋዴ፦ የኔታ ይፍቱኝና፣ ገበያችን ስሙ ራሱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ጎንደር ሰንበትን እየሸጠችና እየገዛች ነው የምታከብረው። የሚሻረው ገበሬው ማጭድ ሲያነሳ ብቻ ነው?

የአብነት መምህር፦ ሥርዓቱ ፈቅዶት አይደለም ልጄ፣ ለምደነው እንጂ።

አጫጅ፦ ስለ ሰሊጡ አወራችሁ፣ ስለ ወገቡ ማንም አላነሳም። መተማ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም ወባውም ይታወቃል። በኮንትራት ለሚያጭድ ሰው «ዛሬ ዕረፍ» የሚለው ታቦቱ ብቻ ነው። በዓሉን ካነሳችሁበት ሰዉ ወር ሙሉ እንደጎበጠ ይከርማል። ማጭድ እጅ የሚቆርጠው ደግሞ ሰው ሲደክም ነው።

የእርሻ ባለሙያ፦ እውነት ነው፣ ግን ሥራውን እንለየው። አጨዳው ብቻ ነው የማይቆየው። የታጨደው በትንሽ በትንሹ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ በሂላ፣ ማለትም ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ይቆማል፤ ለመድረቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከደረቀ በኋላ በሸራ ላይ ገልብጦ ማራገፉ ዝናብና ምስጥ ካላሰጋ በ21 ፈንታ በ22 ቢሆን ምንም አይቀርበትም። ነዶው ተጋድሞ ከተከመረ ግን በዓል ተከበረም አልተከበረም ፍሬው መሬት ላይ ነው። ለብዙው ብክነት ታቦቱ የሚወቀሰው በከንቱ ነው፤ ጥፋቱ ያለው አስተሳሰሩ ላይ ነው። ሌላው፣ የግሸን ቀን ገና በሰኔ አስቀድሞ ይታወቃል። ማሳውን ለሦስት ከፍሎ በ6 በ7 ቀን ልዩነት መዝራት ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት አይደርስም።

ባለ እርሻ፦ ይህ ወረቀት ላይ ያምራል። ሰኔ ላይ የሚያዘው ዝናቡ ነው። መሬቱ ሲረጥብ ያልዘራ ሰው ሳምንት ጠብቆ ጭቃ ሲሆንበት አረሙ ይቀድመዋል። ደግሞ አጫጅ በዚያ ሰሞን እንደ ወርቅ ነው፤ ዛሬ አርፎ ያደረው ነገ ጎረቤት ማሳ ላይ ይገኛል።

አጫጅ፦ ጠቡ ያለው ውሉ ላይ ነው። በቃል ስንስማማ የሚነሳው የሥራው ዋጋ ብቻ ነው። የትኞቹ ቀኖች እንደሚከበሩ፣ በዕረፍቱ ቀን የሠራተኛው ምግብ በማን እንደሆነ፣ ያልደረሰው ቁራጭ ማሳ ለማን እንደሚተው አይነገርም። 12፣ 21፣ 29 እና ሰንበት ይከበር፤ በቀሩት አጨዳ ብቻ ይሠራ፣ እሱም እስከ ቀትር፤ ሂሳቡም እጥፍ ይሁን።

የአብነት መምህር፦ እጥፍ ካላችሁማ በዓሉን ዋጋ ቆርጣችሁ ሸጣችሁት። ችግር ከሆነ በችግሩ ልክ ይሠራ፣ ዋጋው ግን የዘወትሩ ይሁን።

አጫጅ፦ የኔታ፣ በዘወትሩ ዋጋ ከሆነ ባለ እርሻው ችግር የሌለበት በዓል መቼ ሊያገኝ ነው?