እማማ «ደህና ነኝ» ብለው ሰዓታቸው ተቀነሰ፤ እኛ ሠራተኞቹን ለምን አይጠይቁንም?

ፀሐይ_ከሬይነር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲያትል ነው። በሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የጤና ሽፋን) የሚከፈል የሆም ኬር፣ ማለት ሰውን ቤቱ የመንከባከብ ሥራ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። የምንከባከባቸው እናት 84 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር ኬዝ ማናጀሯ፣ ጉዳያቸውን የምትከታተለው ሠራተኛ፣ ስንት ሰዓት እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ለሚታይበት ዓመታዊ ግምገማ ቤት መጣች። እማማ እንግዳ ይመጣል ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ጠበቋት። «ሽንት ቤት ብቻዎን ይሄዳሉ?» ስትላቸው «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?» «ምን አቅቶኝ!» ያን ነጠላ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ሽንት ቤት የሚደርሱትም ክንዴን ይዘው፣ መንገድ ላይ ሁለቴ አርፈው ነው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ የጠየቀኝ የለም። እንግዳ ፊት እሳቸውን ማሳፈርም አልሆነልኝም።

የሚከፈልበት የእንክብካቤ ሰዓታቸው በወር ከ120 ወደ 88 ወረደ። ሥራው ግን ያው ነው። የተቀነሰውን አብዛኛውን በነፃ እየሠራሁ ነው፣ ሳይታጠቡ ትቻቸው መውጣት አልችልማ። ፕሮግራሙ ይሻሻላል ሲባል ሁሌ እሰማለሁ። ቤት ውስጥ የሚውለውን ሰው ሳይጠይቁ ምኑን ነው የሚያሻሽሉት? ምን ላድርግ?

ቆራጡ206

እህቴ፣ መጀመሪያ ቅነሳውን ያሳወቀው ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን እዪ። እማማ ይግባኝ ለመጠየቅ 90 ቀን አላቸው። ቅነሳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከጠየቁ ደግሞ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ የድሮው ሰዓት እንዲቀጥል ማመልከት ይችላሉ፣ ስለዚህ አትዘግዩ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላቸው፤ ዘመድ አያስተርጉምላቸው፣ ዘመድ ፊት ገመናቸውን አይናገሩም።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ሌሊት ስንቴ ተነሱ፣ የት ተንገዳገዱ፣ ገላ ማጠቡ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ሁሉንም ጻፊ። በነፃ መሥራቱን ግን አልደግፍም። ልብሽ ንጹህ ነው፤ ያ ሰዓት ግን ወረቀት ላይ ስለሌለ በሚቀጥለው ዓመት «በ88 ሰዓት በቅቷቸዋል» ነው የሚባለው።

አዲስ_ጎህ

እኔ የምሠራው በኤጀንሲ በኩል ነው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ የት እንደገባሁ፣ መቼ እንደጀመርኩና እንደጨረስኩ ይመዘግባል። ይሄ በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ ያመጣው ነው፤ ማጭበርበር ለመከላከል ነው ይላሉ፣ እሱን አልቃወምም። ግን አባባ አልበላም ብለው 40 ደቂቃ ስለምናቸው ያንን የሚመዘግብ አፕ የለም። በ7 ቁጥር አውቶቡስ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሮጥ ያለው ሰዓትም ለረጅም ጊዜ አይከፈለኝም ነበር። የሥራ ሰዓት መሆኑን የነገረችኝ ሌላ ሠራተኛ ናት። ተከራክሬ አገኘሁት።

የዩኒየን_ሰው

ጉዳዩ ከአንድ ኬዝ ማናጀር በላይ ነው። በሜዲኬይድ ሕግ ስቴቶች የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መጦሪያ) ወጪን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፣ የቤት እንክብካቤው አብዛኛው ግን በፈቃዳቸው ነው። ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው የእኛ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው። ኤጀንሲዎች ከሚከፈላቸው ቢያንስ 80 በመቶው ለሠራተኛ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም እንዲውል የሚል የፌዴራል ደንብ በ2024 ወጥቶ ነበር፣ ግን 6 ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ሰጡት። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሆም ኬር ሠራተኞችን የሚኒመም ዌጅ (ዝቅተኛ ደመወዝ) እና የኦቨርታይም (የትርፍ ሰዓት ክፍያ) መብት ያስከበረውን የ2013 ደንብ ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ። የራሳቸው ሕግ የሌላቸው ስቴቶች ውስጥ ያሉ እህቶቻችን ናቸው የሚጎዱት።

ያገኘነውም ቢሆን ዝም ብለን የመጣ አይደለም። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት የሆም ኬር ሠራተኞች የ75 ሰዓት ሥልጠና በ2011 በሕዝብ ድምፅ ነው የጸናው። የሙያ ፈቃዱን ፈተናም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። በግምገማው ቀን የተንከባካቢዋ ቃል ይጻፍ የሚለውንም ይዘን እንግፋ። ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል፣ ነይ።

እትዬ_ማርታ

ልጄ፣ እኔም አባቴን የምንከባከብ ነኝ። እኛ ቤትም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በዓመቱ ከግምገማው ቀን በፊት ማታ ቁጭ ብዬ «አባዬ፣ ይሄ እንደ ሐኪም ቤት ነው፣ ለሐኪም ሕመም አይደበቅም፣ ልመናም አይደለም፣ ስንት ዓመት ታክሲ ነድተህ ታክስ ከፍለሃል» አልኩት። በማግስቱ ጉልበቱን ገልጦ ለኬዝ ማናጀሯ አሳያት። መውደቁንም ራሱ ተናገረ።

ፀሐይ_ከሬይነር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እትዬ ማርታ እንዳሉት አድርጌ ለእማማ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ አንቺ በነፃ ነው እንዴ ስታጥቢኝ የከረምሽው?» አሉኝ፣ አለቀሱም። የይግባኙን ወረቀት ዛሬ ጠዋት ሞላን፣ መነጽራቸውን አስመጥተው ራሳቸው ፈረሙ። ደብተሩንም ጀምሬያለሁ። ስብሰባው መቼ ነው?