ፖሊፕሮፒሊንና ናይሎን 6 የተባሉ ፕላስቲኮች ቀላቅዬ የወጣው ዕቃ ይላጣል፤ አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ ምጣኔው ፖሊፕሮፒሊን 70፣ ናይሎን 30 ነው። ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ ያምራል፤ ፕላስቲኩ በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ በጥፍር ስነካው ግን እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሙቀቱን ከ240 ወደ 265 ዲግሪ ባደርገው ጭራሽ ባሰበት። ማሽኑ ቆሟል፣ ድረሱልኝ!

ስክሩ፦ ባክ ፕሬሸሩን (ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ፣ ማለትም ስክሩ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚገጥመውን ግፊት) ጨምር፣ በደንብ ያቦካዋል።

ሰንሰለት፦ በግፊት አይፈታም። ትናንሽ ሞለኪውሎች ሲቀላቀሉ ትልቅ የኤንትሮፒ (የመሰባጠር) ትርፍ ያገኛሉ፤ እንደ ፕላስቲክ ያሉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ግን ይህ ትርፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትንሽ አለመስማማት እንኳ ይለያያቸዋል። ፖሊስታይሪንና ፖሊፊኒሊን ኦክሳይድ በየትኛውም ምጣኔ ይዋሃዳሉ፤ ይህ ግን ብርቅ ነው። ኮፖሊመር (ከአንድ በላይ ዓይነት ክፍል ያለው ሰንሰለት) ሲሆን ደግሞ ወሳኙ ይዘቱ ነው። ፖሊስታይሪን ከፒኤምኤምኤ (አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ) ጋር አይዋሃድም፤ አክሪሎናይትራይል በግምት ከ9 እስከ 33 በመቶ ሲገባበት ግን ይዋሃዳል፣ ከዚያ ካለፈ እንደገና ይለያያል።

ጠያቂ፦ ሁለቱም ቀልጠዋል እኮ! እንዴት አይቀላቀሉም?

ጠብታ፦ ዘይትና ውሃም ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው። ደግሞስ ፍጹም መዋሃድ ማን አስፈለገው? ናይሎኑ ከአንድ ማይክሮን ባነሰ ጠብታ ተበትኖ ዳር ዳሩ ከፖሊፕሮፒሊኑ ጋር ከተያያዘ ይበቃሃል። አሁን ጠብታዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፉ ተጎትተው ቅጠል ይሆናሉ፣ የሚላጠው እሱ ነው። ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለ ኬሚካል ግራፍት የተደረገበት (ሰንሰለቱ ላይ የተያያዘበት) ፖሊፕሮፒሊን ጨምር። ከናይሎኑ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ካለው አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ክፍል) ጋር ተጣምሮ እዚያው ድንበሩ ላይ ኮፖሊመር ይሠራል። ለ10 ኪሎ፦ ፖሊፕሮፒሊን 6.6 ኪሎ፣ ናይሎን 3 ኪሎ፣ ግራፍት የተደረገው 400 ግራም። አታብዛው፤ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ዕቃውን ያደክማል።

እርጥበት፦ ናይሎኑን አድርቀኸዋል ወይ? አልነገርከንም! እርጥበቱ ከ0.2 በመቶ በታች እስኪወርድ በ80 ዲግሪ አድርቅ። በ265 ዲግሪ እርጥብ ናይሎን ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፤ ማሌይክ አንሃይድራይዱም በውሃ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ሙቀት ስትጨምር የባሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ስክሩ፦ ባክ ፕሬሸሩንስ ሞከርከው?

ጠብታ፦ የኢንጀክሽን ስክሩ አጭር ነው፣ ብቻውን አይበትነውም። መጀመሪያ በትዊን ስክሩ (ባለ ሁለት ስክሩ ማቡኪያ ማሽን) ከ230 እስከ 240 ዲግሪ አቡካው፣ ቆርጠህ እንደገና አድርቅ፣ ከዚያ ሞልዱን ዝግ ባለ ፍጥነት ሙላ።

ጠያቂ፦ ኤስኢቢኤስ (ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ) እጄ ላይ አለ፣ ግራፍት የተደረገውን ይተካዋል?

ሰንሰለት፦ ተራው ከሆነ ከናይሎኑ ጋር አይያያዝም። ከረጢቱ ላይ ማሌይክ የተደረገበት ካለ ይሠራል፤ ዕቃው ምት ይችላል፣ ግን ይለሰልሳል። ግትርነት ከፈለግክ ጠብታ ባለው ሂድ።