ለትልቅ የድራም ኪት የቶም መጠን ምርጫ፦ 12 እና 16 አለን፣ ምን እንጨምር?

ስድስት_ለስምንት

ሰላም ወገኖች። የቤተ ክርስቲያናችንን የድራም ኪት ልናሳድግ ነው፤ ከማዘዛችን በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያማክረን ደስ ይለኛል። አሁን ያለን የበርች እንጨት ሼል (የድራሙ አካል) ነው፤ በኢንች፣ ስፋቱን ከጥልቀቱ አስቀድሜ ልጻፈው፦ ቤዝ ድራም 22×18፣ ቶም (ሽቦ የሌለው ድራም) 12×9፣ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ የሚቆመው) 16×16፣ ስኔር 14። የሦስት ቶም ገንዘብ ተፈቅዷል። ኮሚቴው ግን ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ 8፣ 10 እና 14 ይገዛ ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ 10፣ 13 እና 18።

ከምንጫወተው ግማሽ ያህሉ ቺክቺካ ነው። ቀሪው ዝግ ያለ የአምልኮ መዝሙር ሲሆን አልፎ አልፎ ፈጣን ጎስፔልም አለ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሚክሰሩ 16 ቻናል ነው፣ የቶም ማይክ አራት አለን። ሬክ (ድራሞቹ የሚንጠለጠሉበት የቱቦ ማዕቀፍ) መግዛት ግድ ነው ወይስ ስታንድ ይበቃል? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቶሞቹ በዝተው ድምፃቸው ተመሳሳይ እንዳይሆን ነው።

ባለቁልፉ

መጨረሻ ላይ የጻፍከው ስጋት መጀመሪያ መምጣት ያለበት ነው ወንድሜ። ቶም የሚመረጠው በመካከላቸው ባለው የድምፅ ርቀት ነው፤ ርቀቱ ደግሞ በየ2 ኢንቹ እኩል አይደለም።

ቆዳው አንድ ዓይነት፣ ውጥረቱም እኩል ከሆነ፣ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ የሚታየው የአንዱ ስፋት ለሌላው ሲካፈል ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይሆናል፤ በኪቦርድ ወደ አራት ሴሚቶን (ጥቁሩም ተቆጥሮ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) የሚጠጋ ነው። ከ12 ወደ 10 ሦስት ያህል፣ ከ14 ወደ 12 ከሁለት ተኩል በትንሹ የሚበልጥ፣ ከ16 ወደ 14 ሁለት ከሩብ ገደማ፣ ከ18 ወደ 16 ሁለት ብቻ። ከ13 ወደ 12 አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ትልልቆቹ ቶሞች በተፈጥሯቸው ይቀራረባሉ ማለት ነው፤ «ፍሎር ቶሞቹ ሁሉ አንድ ናቸው» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ርቀቱን በውጥረት ማስፋት ይቻላል፣ ግን ዋጋ አለው። በ16 እና በ14 መካከል አራት ሴሚቶን እንዲኖር የ14ቱ ቆዳ ከ16ቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጥ መወጠር አለበት፤ ይህ ምንም አይጎዳም። በ13 እና በ12 መካከል ያንኑ አራት ሴሚቶን ከፈለግህ ግን ልዩነቱ ከሲሶ ያልፋል። 12ቱ ጠብቆ «ቲን» ይላል፣ 13ቱ ላልቶ ይሞታል፣ ሲመቱ እጅ ላይ የሚሰማው መመለሻም ይለያያል። 13 ከ12 ይልቅ ከ10 እና ከ16 ጋር በደንብ ይሄዳል። አንተ ግን 12 ስላለህ 13ን ተወው።

በእኔ አስተያየት 10 እና 14 ግዙና 10፣ 12፣ 14፣ 16 ይሁን። የሦስተኛው ቶም ገንዘብ ለአራቱም አዲስ ቆዳ፣ ለመያዣና ለስታንድ ይዋል። በአሮጌ ቆዳ ላይ አዲስ ቶም መደመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቆዳው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ከሆነ ቤተሰብነቱ ይጠፋል። ከላይ ባለ ሁለት ንብርብር፣ ማለትም የሬሞ ኢምፐረር ወይም የኢቫንስ ጂ2፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 7 ሚል (አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) የሆኑ ሁለት ንብርብሮች ናቸው። ከታች ባለ አንድ ንብርብር 10 ሚል፣ አምባሳደር ወይም ጂ1 ክሊር።

ስትቃኝ ከትልቁ ጀምር። 16ቱን ቆዳው ሳይሸበሸብ ሊሰጥ የሚችለው ዝቅተኛ ንጹሕ ድምፅ ላይ አቁምና ከዚያ ወደ ላይ ቁጠር። ከትንሹ የጀመረ ሰው 16 ላይ ሲደርስ የሚወርድበት ቦታ አያገኝም፤ ቆዳው እንደ ካርቶን ይንኳኳል። ለአራቱ የሚሠራ አንድ ቅኝት ልስጥህ፦ 16ቱ ሲ (65.4 ኸርዝ)፣ 14ቱ ኢ (82.4)፣ 12ቱ ኤ (110)፣ 10ሩ ዲ (146.8)። ልዩነቱ አራት፣ አምስት፣ አምስት ሴሚቶን ነው። መሣሪያ ባይኖርህ ጊታሪስቱን ጥራው፤ ኢ፣ ኤ እና ዲ የጊታር ሦስቱ ወፍራም ክሮች ልቅ ሲመቱ የሚሰጡት ድምፅ ነው። ሲ ደግሞ በቤዝ ጊታር ኤ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ አለ። ወደፊት 8 ብትጨምሩ በጂ (196) ይቃኛል፤ ያኔ አምስቱ ቶሞች አንድ ላይ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናሉ፤ ትዝታ ሜጀር በሲ ማለት ነው። ዘማሪው ኪውን ቢቀይርም አይረበሽም፤ የቶም ድምፅ ከክር መሣሪያ ቶሎ ስለሚጠፋ ጆሮ የሚይዘው በቶሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ሲቃኝ ድምፁን ከመሃል መትተህ ስማ። ከብሎኑ አጠገብ ያለው ከመሃሉ ስለሚበልጥ እሱ ለማስተካከያ ብቻ ነው፤ ሁሉም ብሎን አጠገብ እኩል መሆኑን ታይበታለህ። ትይዩ ብሎኖችን ተራ በተራ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከሩብ ዙር ሳታልፍ።

ከበሮ_በስቲክ

በ10 እና በ14 እስማማለሁ። ኮሚቴው ውስጥ 8 የሚሉትንም ግን በቀላሉ አትለፏቸው። ለፈጣን ጎስፔል ፊል (በሐረጎች መካከል የሚገባ አጭር የድራም ምት) 8 ጥርት ብሎ ከኪቦርዱ በላይ ይወጣል። ለቺክቺካ ግን ምንም አይጨምርም። ቺክቺካ ላይ ቶም የሚፈለገው የከበሮን ሁለት አፍ እንዲተካ ነው፤ ሰፊው አፍ ይመታል፣ ጠባቡ ይመልሳል። ለዚያ የሚያስፈልጉት በደንብ የተራራቁ ሁለት ቶሞች ናቸው፤ 16 እና 12 ባለቁልፉ በሰጠው ቅኝት ዘጠኝ ሴሚቶን ይራራቃሉ፣ ከበቂ በላይ ነው። አንዱ ምት ላይ ሁለት እጅ በ16 እና በ14 በአንድነት ሲወርድ ደግሞ የ14 ጥቅም ይታያል።

ስፋት ከተመረጠ በኋላ ሰው የሚረሳው ጥልቀቱን ነው። ሜትር አውጥተህ ለካ። 22 ኢንች ቤዝ ድራም 56 ሴንቲ ነው። 3 ሴንቲ ክፍተት ተውና ያለህን 12×9 ስትጨምር፣ 23 ሴንቲ ስለሆነ፣ የቶሙ አናት 82 ሴንቲ ላይ ይደርሳል። ስኔር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ውስጥ ነው የሚቆመው። 12×11 ቢሆን ኖሮ 87 ይደርስ ነበር። ያኔ ድራመሩ ቶሙን ወደ ራሱ ያጋድለዋል፣ ስቲኩም በጫፉ ቆዳውን እየወጋ ይመታል፤ ቆዳው ላይ ትንንሽ ጎድጓዶች የሚበዙት በዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተለመዱትን ጥልቅ ቶሞች በርካሽ ብታገኝም አትግዛ። 10ሩ 10×7 ወይም 10×8 ይሁን። ጥልቀት የድምፁን ከፍታ ብዙም አይለውጠውም፤ ጥልቅ ሼል ለመናገር ኃይለኛ ምት ይፈልጋል፣ ዝግ ባለ መዝሙር ላይ ደግሞ ድራመሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው።

14ቱ ባለ እግር 14×14 ይሁን ወይስ ተንጠልጣይ? ባለ እግሩን ውሰድ። 10፣ 12 እና 14 ሦስቱም ከፊት ከተንጠለጠሉ ራይዱ (ትልቁ ሲምባል) ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ቺክቺካ ሙሉውን ራይድ ላይ የሚጫወት ሰው ክንዱን ዘርግቶ አንድ መዝሙር አይጨርስም። 10 እና 12 ከላይ፣ 14 እና 16 በቀኝ መሬት ላይ፣ ራይዱ ከ12ቱ በላይ ዝቅ ብሎ። 8 ከመጣ ቦታው በግራ፣ ከሃይሃቱ አጠገብ ነው።

ለአራት ቶም ሬክ አያስፈልግም። ቤዝ ድራሙ ላይ ያለው መያዣ ሁለት ክንድ ከተቀበለ ያ በቂ ነው። 10ሩን በክላምፕ (ቱቦ ቆንጥጦ በሚይዝ ማሰሪያ) ሲምባል ስታንድ ላይ የምታንጠለጥል ከሆነ ግን ቶሙ ከስታንዱ ሦስት እግሮች በአንዱ ትክክል ላይ ይዋል። በሁለት እግር መካከል ከዋለ በአንድ ጠንከር ያለ ፊል ስታንዱ ከነሲምባሉ ይወድቃል። ሬክ ከገዛችሁም የቱቦውን ዓይነት እዩ፤ ብዙዎቹ 38 ሚሊ ገደማ ክብ ናቸው፣ የፐርል ግን አራት ማዕዘን ነው፣ የአንዱ ክላምፕ ለሌላው አይሆንም።

የማይክ_ጠባቂ

ከድምፅ በኩል ልጨምር። አራት ቶም ሲሆን ማይኮቹ ኪክ (ቤዝ ድራም) 1፣ ስኔር 1፣ ሃይሃት 1፣ ኦቨርሄድ (ከኪቱ በላይ የሚቆም) 2፣ ቶም 4፤ ድምር 9። ለቤዝ፣ ለኪቦርድ፣ ለጊታርና ለዘማሪዎች 7 ይተርፋል፤ ያም ጠባብ ነው። በአምስት ቶም 6 ብቻ ይቀራል። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ከፊድባክ (የስፒከር ፉጨት) በፊት ያለህ አቅም በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል።

18ን በተመለከተ፣ በዚህ አዳራሽ አይሆንም ባይ ነኝ። ቺክቺካ በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ስለሚከፈል፣ በሁለት ተከታታይ ኖታዎች መካከል ያለው ጊዜ 0.17 ሰከንድ ገደማ ነው። ያልታፈነ 18 ፍሎር ቶም ከዚያ በጣም የረዘመ ጅራት አለው። ሲሚንቶና ሴራሚኩ ሲጨመርበት ምቱ ሁሉ ተደባልቆ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። 16ቱንም ቢሆን የታችኛውን ቆዳ ከላይኛው ሁለት ሦስት ሴሚቶን ከፍ አድርገህ ብትወጥረው ጅራቱ ያጥራል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው ከሁሉም ረዝሞ የሚያስተጋባው። ይህን ስታደርግ ከመሃል የሚሰማው ድምፅ ከፍ ስለሚል የላይኛውን ትንሽ አላልተህ ወደ ኖታው መልሰው።

ባለቁልፉ የሰጠው ቅኝት ጥሩ ነው፣ አንድ ጣጣ ግን አለበት። 16ቱ በትክክል 65.4 ላይ ከቆመ ቤዝ ጊታሪስቱ ያንን ሲ በነካ ቁጥር ቶሙ ሳይመታ ይዘምራል፣ ማይኩም ያነሣዋል። በሲ የሚዘመር መዝሙር ከበዛ 16ቱን ወደ 63 ኸርዝ አውርደው፤ በሲ እና ከሱ በታች ባለው ቢ መካከል ስለሚውል ሁለቱም በቀጥታ አይቀሰቅሱትም። ከዚያ በቶም ቻናሎች ላይ ጌት (ቶሙ ሲመታ ብቻ ድምፁን የሚያሳልፍ መሣሪያ) አድርግ፤ በፍጥነት የሚከፈት፣ ሲዘጋ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ የሚወስድ። ጌቱ የሚከፈትበትን መጠን ድራመሩ ቀስ ብሎ ሲመታ አስተካክል፤ በኃይለኛ ምት የተስተካከለ ጌት ዝግ ባለው መዝሙር ላይ ቶሙን ይውጠዋል።

10ሩ ሲመጣ ስኔሩ ከበፊቱ ይልቅ ሲንጫጫ ልትሰማ ትችላለህ። የቶሙ ድምፅ ከስኔሩ የታችኛው ቆዳ ጋር ሲቀራረብ ከዚያ ቆዳ ሥር ያለው ሽቦ ይነቃል። ከሽቦው ጫፎች ግራና ቀኝ ያሉትን የታች ብሎኖች በትንሹ አላላ፤ ካልበቃ የስኔሩን የታች ቆዳ ራሱን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርግ። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም።

ስድስት_ለስምንት

እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ 10 እና 14 ብለን ኮሚቴውን እናሳምናለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ከኛ ኪት የተለየ ብራንድ የሆነ ያገለገለ የሜፕል 10×8 እና 14×14 በጥሩ ዋጋ ተገኝቷል። ከበርቹ ጋር ይጋጫል? ሲታይስ ምን ላይ እናተኩር?

ባለቁልፉ

እንጨቱ አያሳስብህ። ቆዳው አንድ ዓይነት ሆኖ በደንብ ከተቃኘ፣ ምእመኑ ከተቀመጠበት በርችና ሜፕልን አይለይም። የሚያሳስበው የሼሉ ጠርዝ ነው፤ ቆዳው የሚያርፍበት ስለሆነ እሱ ከተበላሸ ቅኝት አይይዝም።

ስትሄዱ የድራም ቁልፍ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት ያዙ። የሁለቱንም ወገን ቆዳ አውልቁ፤ ሻጩ እንዳታወልቁ ካለ ተዉት። ሼሉን መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ ባትሪውን በውስጥ አብሩ፣ ክፍሉን አጨልሙ። በጠርዙና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ከወጣ እዚያ ጋ ጠርዙ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሼሉን ገልብጣችሁ ሌላውንም ወገን እንዲሁ። ቀጥሎ ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አስኪዱ፤ የተሰነጠረ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ስፋቱን በተለያየ አቅጣጫ አራት ጊዜ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ካለፈ ክብነቱ ጠፍቷል። አዲስ ቆዳ አስቀምጣችሁ በጣት ስታዞሩት ሳይያዝ በነፃነት መዞር አለበት።

መያዣውን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ከቤዝ ድራሙ ክንድ ጋር አስተያዩት። የፐርል ወፍራም ቱቦ፣ የያማሃ ስድስት ማዕዘን ዘንግ፣ የሌሎቹ ክብ ዘንግ እርስ በርስ አይገቡም። ካልገጠመ ሼሉን አትብሱት፤ 10ሩን በክላምፕ ስታንድ ላይ አውጡት ወይም መያዣውን ብቻ ቀይሩ። የ14ቱ ሦስት እግሮችና ጎማዎቻቸው መኖራቸውን እዩ፤ ጎማ የሌለው እግር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፁንም ያሳጥራል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በእጅ አስገብታችሁ አዙሩ። አንዱ እየተንገጫገጨ ከገባ ወይም በእጅ አልሄድ ካለ የላጉ (ብሎኑ የሚገባበት፣ ሼሉ ላይ ያለው ብረት) ጥርስ ተበልቷል፤ ለዚያ ብራንድ የሚሆን ላግ ማግኘት መቻላችሁን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።