ሰው አልባ ጀልባ ለወደብ ጥበቃ፦ ምን ይችላል፣ ምን ይጎድለዋል?

ጥያቄ (መልሕቅ)

ጤና ይስጥልኝ። ባቦጋያ ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምሬ አሁን በጭነት መርከብ ላይ በኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንንነት እሠራለሁ። ባለፈው ጉዞ ሲንጋፖር መልሕቅ ጥለን ተራችንን ስንጠብቅ፣ የአገሪቱ ባሕር ኃይል ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለቅኝት ያሰማራቸው ሰው አልባ ጀልባዎች በመካከላችን ክርክር አስነሡ። ርዝመታቸው ወደ 17 ሜትር፣ ክብደታቸው 30 ቶን ሲሆን ከ25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ይፈጥናሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ካሜራ የተሸከመ ጀልባ ፈንጂ ይዞ የሚመጣን ሰው አያስቆምም» ብሎ ነገሩን አጣጣለው፤ እኔ ግን በቂ መልስ አልነበረኝም። በእርግጥ ጥበቃውን ያጠናክራሉ? ከውኃ በላይ ከሚሄዱትና ከውኃ በታች ከሚሠሩትስ የትኞቹ ይበልጥ ይጠቅማሉ?

መልስ (የሌሊት ፈረቃ)

ባልደረባዎ የተናገሩት ግማሽ እውነት ነው። በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. በየመን ኤደን ወደብ ነዳጅ እየቀዳ በነበረው ኮል የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ 17 መርከበኞችን የገደለችው ትንሽ ጀልባ የመጣችው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ችግሩ ጀልባዋ አለመታየቷ ሳይሆን፣ ወደብ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ከሚሉት የአገልግሎት ጀልባዎች የሚለያት ነገር አለመኖሩ ነው። እኔም በሌሊት ፈረቃ ራዳሩ ላይ የማየው ይህንኑ ነው፦ መለያ ምልክት የማያሰራጩ ነጠብጣቦች፣ ቀርበው ሲታዩ አብዛኞቹ አንዲት አምፖል ያንጠለጠሉ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ዓሣ አስጋሪ ባይሆን በምን አውቃለሁ?

ሰው አልባው ጀልባ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የሰው ሕይወት ለአደጋ ሳይጋለጥ ወደ አጠራጣሪው ጀልባ ይቀርባል፣ በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃል፣ ያኛው አቅጣጫ ይቀይር እንደሆነ ያያል፤ ይህ ሁሉ ለመርከቡና ለወደቡ ጠባቂዎች ጥቂት ደቂቃዎችን ያተርፍላቸዋል። የመተኮስ ውሳኔ የሚሰጠው ግን የብስ ላይ ተቀምጦ ስክሪን የሚያየው ሰው ነው። ጀልባው ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ሊሠራው የሚገባው ሥራ መጋጨትን ማስወገድ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ወደ 1,000 የሚጠጉ መርከቦች በሚገኙበት በሲንጋፖር ወደብ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ «በዓይንና በጆሮ» ቅኝት እንዲደረግ ሲያዝ፣ ጀልባ ላይ ዓይንም ጆሮም የማይኖርበት ዘመን ይመጣል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

መልስ (ጠላቂ)

ለእኔ የሚበልጠው ከውኃ በታች የሚሠራው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በኢራቅ የኡም ቀስር ወደብ የእርዳታ እህል የጫነ መርከብ ከመግባቱ በፊት፣ ሬመስ የሚባሉ፣ ሁለት ሰው ሊሸከማቸው የሚችሉ፣ የቶርፔዶ ቅርጽ ያላቸው መሣሪያዎች የባሕሩን ወለል በጎን ሶናር (ግራና ቀኝ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ምስል በሚያነሣ መሣሪያ) ቃኝተው ነበር። በድፍርስ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል። እኔ የመርከብ ሆድ ስፈትሽ የራሴን መዳፍ እንኳ አላይም፤ መሪውንና ፕሮፔለሩን በዳበሳ ነው የማገኛቸው። ከመግባቴም በፊት ፕሮፔለሩ እንዳይዞር፣ ፓምፖቹም ውኃ እንዳይስቡ መዘጋታቸውን በዓይኔ ካላየሁ አልወርድም። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ኮኬይን በተደጋጋሚ የተያዘበትን፣ ሲ ቼስት የምንለውን የባሕር ውኃ መሳቢያ ክፍል በሮቦት ካሜራ ማየት ሲቻል፣ ጠላቂው አንድ ነገር ሲገኝ ብቻ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የወደብ ወለል ጎማ፣ ሰንሰለትና በርሜል የሞላበት ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢቃኙት ያገኙት ነገር ሁሉ ያስጠረጥራል። ጥቅሙ የሚታየው ያንኑ ቦታ በየጊዜው እየቃኙ የዛሬውን ምስል ከቀድሞው ጋር ሲያስተያዩት ነው፤ ትናንት ያልነበረ በርሜል ዛሬ ቢገኝ ያኔ ጠላቂ ይጠራል። መሣሪያውን ገዝተው ይህን የማይሠሩ ወደቦች ገንዘባቸውን ውኃ ውስጥ ጥለውታል ማለት ነው።

ጠያቂው (መልሕቅ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የእኔ ሙያ ኤሌክትሪክ ስለሆነ አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ የሬዲዮ ግንኙነቱ ወይም ጂፒኤሱ ቢታወክስ?

መልስ (የሌሊት ፈረቃ)

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ከውኃ በታች ላለው ጂፒኤስ ከመጀመሪያውም የለም፤ ሬዲዮም ውኃ ውስጥ ስለማይዘልቅ መልእክት የሚለዋወጠው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ያም በወደብ ግድግዳና በሞተር ጩኸት መካከል ይረበሻል። ከውኃ በላይ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አንድ የኢራን መርከብ ሴይልድሮን የተባለውን የአሜሪካ ሰው አልባ ጀልባ በገመድ አስሮ ሲጎትት፣ ተንደርቦልት የተባለ የቅኝት መርከብና ሄሊኮፕተር ደርሰው ነው ያስለቀቁት። ደራሽ ባይኖር ተወስዶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ በክራይሚያ ያለው የሩሲያ ባሕር ኃይል ሠፈር፣ ሴቫስቶፖል ወደብ፣ ፈንጂ በጫኑ ሰው አልባ ጀልባዎች ተጠቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሩሲያውያን በወደቡ መግቢያ ላይ ተንሳፋፊ መከላከያዎችን ደራርበዋል። እኔ የወደብ ኃላፊ ብሆን በጀቱን የማውለው በቅድሚያ ለተንሳፋፊው መከላከያና ፈጥና ለምትደርስ፣ ሰው ላለባት ጀልባ ነው፤ ሰው አልባውን የምገዛው ከዚያ በኋላ ነው።