የክሮንስ ጥበት፦ ኦፕራሲዮኑ አሁን ይሁን ወይስ እንጠብቅ?

የሰበታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ክሮንስ (አንጀትን የሚያሳብጥና የሚያቆስል የቆየ በሽታ) አለባት። ሲቲ ስካኑ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ 8 ሳንቲሜትር ጥበት ያሳያል፤ ከጥበቱ በላይ ያለው አንጀት ተለጥጧል። ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) በቀን 40 ሚሊግራም ሁለት ወር ወሰደች፤ ሆዷ መነፋቱና ማስመለሱ ግን አልተዋትም። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ይሻላል ብሏል። መድኃኒት ቀይሮ መጠበቅ አይቻልም?

የውስጥ ደዌ፦
እብጠት ብቻ ቢሆን ስቴሮይዱ ያላላው ነበር። ጠባሳ ከሆነ የትኛውም መድኃኒት አይከፍተውም፤ የአንጀቱ መለጠጥም ወደዚያ ያመለክታል። ሐኪሙ ትክክል ይመስለኛል።

ግን ቲቢ ተጣርቷል? የአንጀት ቲቢ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ጥበት ይሠራል። ከኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) በተወሰደው ናሙና ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ መሠራቱን ጠይቁ። ሳይጣራ ኢንፍሊክሲማብ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም የክሮንስ መድኃኒት) ቢጀመር የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሌላው ስቴሮይዱ ነው። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከ6 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው የኦፕራሲዮኑ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ የተገጠመው አንጀት ሊያፈስ ይችላል። ጊዜ ካለ ሐኪሙ ቀስ እያለ ያውርደው። እሷ በራሷ እንዳታቆም! ግፊቷ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ከከሳች ደግሞ መጀመሪያ በፈሳሽ ምግብ ትጠንክር።

ሰርጂካል ነርስ፦
የታመመው ተቆርጦ ጤነኛው ጫፍ ይገጠማል። ከዳር 2 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል፤ ብዙ መቁረጥ በሽታው እንዳይመለስ አያደርግም። ጥበቱ ብዙ ቦታ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት አንጀት ከተቆረጠላት፣ ሳይቆረጥ በርዝመቱ ተሰንጥቆ በአግድም ይሰፋል፤ ይህ እስከ 10 ሳንቲሜትር ለሚሆን ጥበት ይሠራል።

መግል ካለ ግን ቀድሞ በቱቦ ይቀዳል፤ አለዚያ ጊዜያዊ ስቶማ (አንጀቱ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ሰገራ ወደ ከረጢት የሚፈስበት ቀዳዳ) ሊወጣላት ይችላል። ያኔ የከረጢቱ ቀዳዳ ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከሰፋ ፈሳሹ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሲሶው ሲሞላ ይደፋ። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ ከወጣ ውሃ ብቻ መጠጣት ጨውን ያሟጥጣል፤ ኦአርኤስ (ጨውና ስኳር ያለው ንጥረ ነገር በውሃ የተበጠበጠ) ትጠጣ፣ ሐኪሟም ይወቅ።

የሰበታው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከዚያ ምን ትብላ? ጾም ላይ ናት።

ሰርጂካል ነርስ፦
ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የበቆሎ እሸት፣ ጎመን ይቅሩ፤ ጥበቱ ላይ ይሰካሉ። ቀጭን ሽሮ፣ የተፈጨ የድንች ሾርባ፣ በትንሽ በትንሹ። እንቁላልና ወተት ስለሚያስፈልጋት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ፈስና ሰገራ ከቆመ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዷት፤ የሚያደርሳችሁ መኪና ከወዲሁ ይታወቅ። የሲቲውን ሲዲም ያዙ።

የውስጥ ደዌ፦
ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ኮሎኖስኮፒ አይቅር፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ መጋጠሚያው ላይ ይመለሳል። ቫይታሚን ቢ12ም ይለካ።